ዝም ያለው ቁልፍ

ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ

እንደምን ዋላችሁ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እናቶችና አባቶች ልጆቻቸው ምን እንደሚማሩ ለማየት እንደመጡ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ካቻቪቴ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው ጭምር እንዲገባ አድርጌ እናገራለሁ፤ ያልገባ ነገር ካለ መሃል ላይ አስቁሙኝ።

በእጄ የያዝኩትን ይህን ግራጫ ዕቃ ከኋላ ያላችሁም እንድታዩት ከፍ ላድርገው። ጌም ቦይ ይባላል። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1989 በአገሩ ለገበያ ያወጣው የእጅ መጫወቻ ነው። አራት ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ በሚመስል መደብ ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ፊቱ ላይ ስምንት ቦታ ይጫናል። በመስቀል ቅርጽ የተሠራው የአቅጣጫ ቁልፍ ወደ አራት ጎን ይሄዳል፤ በስተቀኝ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ ከታች ደግሞ ሰሌክት እና ስታርት። ዛሬ የምናገረው ስለነዚህ ስምንት ቦታዎች ነው። ስለ ስክሪኑም፣ ስለ ድምፁም፣ ስለ ጨዋታዎቹም አላወራም።

ዕቃው የእኔ አይደለም። ባለቤቷ ለዛሬ አውሳኛለች። ከሁለት ዓመት በፊት በፌስታል ጠቅልላ ወደ ሥራ ቤቴ ስታመጣው፣ አጎቷ ከጀርመን የላኩላት የልጅነት ዕቃዋ እንደሆነ ነገረችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ አላት፤ ልጁ ሊጫወትበት ፈልጎ ወደ ቀኝ አልሄድ ብሎታል። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ወስጄው ነበር፤ ከዚያ ከመጣ በኋላ ባሰበት» አለችኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር አልችልም። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም በእሷ ምክንያት ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት የተበላሹ ቁልፎች ውስጥ ብዙዎቹን የጎዳቸው ጨዋታ አይደለም፤ በጥገና ስም የተደረገባቸው ነገር ነው። ቁልፉ ዝም ሲል ወዲያው መፋቅ ይጀመራል። ለምን ዝም እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

እስቲ ከውስጡ እንጀምር። ጣታችሁ የሚነካው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አያውቅም። ሥራው የጣትን ግፊት ወደ ታች ማድረስ ብቻ ነው። ከሥሩ ከሲሊኮን የተሠራ ለስላሳ ጎማ አለ። ጎማው በየቁልፉ ሥር እንደ ትንሽ ጎጆ ጣሪያ ቀና ብሎ የቆመ ነው። በጣሪያው ውስጥ፣ ከመሃል፣ ምስር የምታህል ጥቁር ነገር ተለጥፋለች። ካርቦን የተቀላቀለባት ጎማ ናት፤ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች። ከእሷ በታች ደግሞ ቦርዱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመሮች ያሉበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ አለ። በቦርዱ ላይ ሁለት መስመሮች፣ የሁለት እጅ ጣቶች ሳይነካኩ እንደሚሰካኩ ሆነው ተሥለዋል። ስትጫኑ ጣሪያው ይሰምጣል፤ ምስሯ ሁለቱም መስመሮች ላይ ታርፋለች፤ በመካከላቸው ድልድይ ትሆናለች። ጣታችሁን ስታነሡ ጎማው በራሱ ጉልበት ይመለሳል፤ ድልድዩ ይነሣል። ያለው ነገር ይኼው ነው። ተንቀሳቃሽ ብረት የለም፣ ሞላ የለም፣ የሚዝግ ጥርስ የለም።

ወላጆች፣ ይህን አሠራር ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ቤታችሁ ያለው የቴሌቪዥን ሪሞት ብዙውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ሪሞቱ እምቢ ሲል ጭን ላይ እናነጥፈዋለን፤ ባትሪ ድንጋዩን አውጥተን በጥርሳችን እንነክሳለን፤ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ በእርግጥ የባትሪው ነው። ነገር ግን ድምፅ መጨመሪያው ብቻ እምቢ ብሎ ሌሎቹ ቁልፎች የሚሠሩ ከሆነ ባትሪውን ለምን ትነክሱታላችሁ? ባትሪው ቢደክም ኖሮ ሁሉም ቁልፎች አብረው ይደክሙ ነበር። ምርመራ የምለው ይህን ዓይነቱን ማሰብ ነው። መሣሪያም አይጠይቅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ይህን የእጅ መጫወቻ ከሠሩት ሰዎች መካከል ዋነኛው ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል። ስሙን የማነሣው ለእናንተ ለተማሪዎቹ ብዬ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀጠረው መጫወቻ እንዲፈለስፍለት አልነበረም። ኩባንያው ያን ጊዜ የመጫወቻ ካርታ ያትም ነበር፤ ዮኮይ የገባው የካርታ ማምረቻ ማሽኖቹን እንዲጠግን ነው። ከእኛው ሙያ የተነሣ ሰው ነው ማለት ነው። የጥገና ሰው አስተሳሰቡም አልተለየውም። አዲስና ውድ ቴክኖሎጂን ከማሳደድ ይልቅ ብዙ ጊዜ የተፈተነውን፣ ርካሹን፣ ባሕርዩ የታወቀውን ወስዶ አዲስ ቦታ ላይ ማዋልን ይመርጥ ነበር። በዚያው ዘመን የወጡት ተፎካካሪዎች ባለቀለም ስክሪን ይዘው መጡ፤ ስድስት ባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓታት ይጨርሱ ነበር። የእሱ ቀለም አልባ ዕቃ በአራት ባትሪ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል። ጌም ቦይ ባለቀለም ከሆነው ታናሽ ወንድሙ ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

የመስቀል ቅርጹን ቁልፍም ያመጣው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ከጌም ቦይ በፊት በነበረ አነስተኛ መጫወቻ ላይ። መስቀሉን ገልብጣችሁ ብታዩት ከሥሩ፣ ልክ ከመሃሉ፣ ትንሽ ጉብታ ታገኛላችሁ። ያቺ ጉብታ እንደ ሚዛን መሃል ናት፤ አንዱ ጫፍ ሲወርድ ተቃራኒው ይነሣል። ስለዚህ ቀኝና ግራን በአንድ ጊዜ መጫን አይቻልም። ጉብታዋን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስታጸዱ እሷን ብትፍቋት መስቀሉ ሚዛኑን ያጣል፤ ቀኝ ስትሉት ሽቅብ ጭምር የሚሄድ ቁልፍ ይሆንባችኋል። ከዚያ በኋላ ጎማውን ብትቀይሩ፣ ቦርዱን ብታጸዱ አይመለስም።

በባህረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ በእሳት የተቃጠለ አንድ ጌም ቦይ ነበር። ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ አባብጦ፣ ጠቁሮ ሳለ ሲከፈት ቴትሪስን፣ ያን ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የመደርደር ጨዋታ፣ አጫወተ። በኒው ዮርክ በሚገኘው የኩባንያው መደብር ለብዙ ዓመታት ለዕይታ ቀርቦ ነበር። እንዲህ ያለ ጠንካራ ዕቃ ታዲያ በምን ይሸነፋል? በጣት ቅባት። ከጣታችን የሚወጣው ወዝ ከአቧራ ጋር ተዋሕዶ በቁልፉ ዙሪያ ካለው ክፍተት ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በዓመታት ውስጥ ምስሯና መስመሮቹ ላይ ስስ ንጣፍ ይሆናል። ዓይን አያየውም፤ ለኤሌክትሪክ ግን ግድግዳ ነው። ሲሊኮኑ ራሱም ሲያረጅ ቅባት መሰል ነገር ያወጣል፤ ስለዚህ ማንም ሳይነካው ሃያ ዓመት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ እንኳ ቁልፉ ዝም ብሎ ሊገኝ ይችላል። ለስላሳ መጠጥ የፈሰሰበት ከሆነ ስኳሩ ቁልፉን ከመያዣው ጋር ያጣብቀዋል፤ ይኼኛውን ለመለየት ቀላል ነው፤ ስትጫኑት ይወርዳል፣ ሲመለስ ግን ይለግማል።

ከቆሻሻው ሌላ ትክክለኛ ማለቅ አለ። ብዙ ከተጫወቱበት በኋላ የምስሯ ካርቦን ይሳሳል፣ ይጠጥራል፣ ያብረቀርቃል። ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚጫኑት ኤ ቁልፍን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። የጎማው ጣሪያም በቀጭኑ ጠርዙ በኩል ሊቀደድ ይችላል። የተቀደደ ጎማ ስትጫኑት «ቀፍ» የሚለው ስሜት ይጠፋበታል፤ ጣታችሁ ባዶ ቦታ ላይ የወረደ ይመስላችኋል። ቆሻሻ፣ ያለቀ ካርቦን፣ የተቀደደ ጎማ፣ የተቋረጠ መስመር፦ ከውጭ ሲታዩ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቁልፉ አይሠራም። መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ነገር ጋር ደረስን። ጌም ቦይ ስምንት የሚጫን ቦታ አለው ብያችኋለሁ። በውስጡ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ግን ስምንት ሽቦ ዘርግቶ አያዳምጣቸውም። የሚያዳምጥባቸው መስመሮች አራት ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ቁልፎች ይጋሩታል። ቀኝ ከኤ ጋር፣ ግራ ከቢ ጋር፣ ሽቅብ ከሰሌክት ጋር፣ ቁልቁል ከስታርት ጋር። የትኛውን ወገን እንደሚያዳምጥ የሚመርጡ ሌሎች ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ለአቅጣጫዎቹ፣ አንዱ ለቀሩት አራት ቁልፎች። በጠቅላላው ስድስት መስመር ለስምንት ቁልፍ ማለት ነው።

በሰፈራችሁ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀሙ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። የአንዱ ቤት ውኃ ብቻ ከጠፋ ችግሩን እዚያ ቤት ውስጥ ትፈልጉታላችሁ። የሁለቱም በአንድ ቀን ከጠፋ ግን የአንዱን ቤት ግድግዳ ማፍረስ ምን ይጠቅማል? ቀኝ ብቻ ካልሠራ ጥርጣሬያችሁ ቀኝ ሥር ባለው ጎማና ቦርድ ላይ ይሁን። ቀኝም ኤም አብረው ካልሠሩ የጋራ መስመራቸውን ተከተሉ። አራቱም አቅጣጫዎች በአንድነት ከጠፉና ኤ፣ ቢ፣ ሰሌክትና ስታርት ከሠሩ፣ የአቅጣጫዎቹን ወገን የሚመርጠውን መስመር ፈልጉ። ይህን ሁሉ አንድም ብሎን ሳትነኩ ማወቅ ትችላላችሁ።

ጌም ቦይ አድቫንስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ተከታይ፣ ይህ የመጋራት ነገር የለበትም፤ ለአሥሩ ቁልፎች አሥር መስመር አለው። በትከሻው ላይ ያሉት ኤል እና አር የሚባሉት ቁልፎችም የጎማ ሳይሆኑ በቦርዱ ላይ የተበየዱ ትንንሽ ማብሪያዎች ናቸው፤ ካለቁ ነቅሎ በሌላ መተካት ነው። የብየዳ ትምህርታችሁ ላይ ስትደርሱ ትሠሩታላችሁ።

ወደ ሴትየዋ ዕቃ ልመለስ። እሷ የነገረችኝ ስለ ቀኝ ብቻ ነበር። ከእኔ በፊት ያየው ሰውም ስለ ቀኝ ብቻ ሰምቶ ቀኝን ብቻ ነክቷል። ባትሪ አስገብቼ ስምንቱንም በየተራ ስሞክር ኤ ጭራሽ የለም። ልጁ ጨዋታውን በስታርት እያስጀመረ ወደ ቀኝ አልሄድ ሲለው ይተወው ስለነበር ኤ መጥፋቱን ማንም አላስተዋለም። ቀኝና ኤ፣ አንድ መስመር። ካቻቪቴዬን ከማንሣቴ በፊት ግማሹን መልስ አገኘሁ።

የውጭው መያዣ በስድስት ብሎን ይታሰራል፤ አራቱ በጀርባው ላይ፣ ሁለቱ ባትሪው ከሚገባበት ውስጥ። ብሎኖቹ ተራ አይደሉም፤ ራሳቸው ሦስት ክንፍ አለው። ለእነሱ የሚሆን ካቻቪቴ ይሸጣል፤ ዋጋውም ከባድ አይደለም። የሌለው ሰው በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ሊፈታው ይታገላል፤ በፒንሳ ይይዘዋል፤ የብሎኑ ራስ ይበላል። የዚህኛው ዕቃ ሁለት ብሎኖች ራሳቸው ተበልቶ ነበር የመጣው። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ የፈጀብኝ እነሱን ማውጣት ነው። ለሥራው የተሠራ መሣሪያ ከሌላችሁ ባለቤቱን «ይቆየኝ» በሉት። ይህን ማለት አያሳፍርም።

ስትከፍቱት ፊትና ጀርባውን በችኮላ አትለያዩ። ሁለቱን የሚያገናኝ 21 መስመር ያለው ስስ ጠፍጣፋ ገመድ አለ። የቁልፎቹ መልእክት ከፊተኛው ቦርድ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሻገረው በእሱ በኩል ነው። የዚህኛው ገመድ በጥድፊያ ተነቅሎ በቆሸሸ እጅ የተመለሰ ነበር። ጫፉን በአልኮል ጠርጌ፣ እንዲደርቅ ጠብቄ፣ ቀጥ አድርጌ መለስኩት። ኤ ወዲያውኑ ነቃ።

ቀኝ ግን አልነቃም። ጎማውን ሳነሣ ምክንያቱን አየሁት። ከእኔ በፊት የሠራው ሰው ጥፋቱ የቀኝ ቁልፍ መስሎት የቦርዱን መስመሮች በብርጭቆ ወረቀት ፍቋቸዋል። መስመሮቹን የሸፈነው ስስ ልባስ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል። ሰውየውን አልረግመውም፤ እኔም በተማሪነቴ የአንድ ጎረቤታችንን ሪሞት እንዲሁ አድርጌያለሁ። ፈቅኩት፣ ሠራ፣ ደስ አለን። ብዙ ሳይቆይ የተገለጠው መዳብ ከአየርና ከላብ ጋር ተገናኝቶ አረንጓዴ ሆነ፤ ሪሞቱም ለዘለዓለም ተሰናበተን። ጎረቤታችን ምንም አላሉኝም፤ ዝም ማለታቸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ብርጭቆ ወረቀት ቁልፉን የሚያነቃው ሊገድለው ነው። በቦርዱ ላይ ያለው ልባስ ካርቦንም ይሁን ወርቅ፣ ከተላጠ እናንተ ጋ መልሶ የሚለብስበት ፋብሪካ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት እጁን አንሥቶ «ታዲያ በምን እናጽዳ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን አውጡ። ጎማውንና ፕላስቲኮቹን ለብ ባለ ውኃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና እጠቧቸው፤ ውኃ አይጎዳቸውም። ከዚያ እስኪደርቁ ጠብቁ፤ ደርቀዋል ስትሉም ጥቂት ጨምሩ። ቦርዱን ግን ውኃ አታስነኩት። ለእሱ ንጹሕ ኢሶፕሮፒል አልኮል ያስፈልጋል፤ ጥንካሬው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ውኃው ሲያንስ ቶሎ ይተናል። ጥጥ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ሳትጫኑ መስመሮቹን ጥረጉ። ጥጡ ጥቁር ይዞ ይነሣል፤ ቀይሩና ድገሙት። ጥቁረቱ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን ቁሙ፤ ምናልባት የምታነሡት ቆሻሻውን ሳይሆን ካርቦኑን ነው። መስኮት ክፈቱ፤ አልኮሉ እሳት ይወዳልና ሻማም ሆነ ምድጃ አጠገብ አይኑር።

በየቤቱ ያሉት ምትኮች አብዛኞቹ ጎጂ ናቸው። ሽቶ ቅባትና መዓዛ ይተዋል። አረቄ ከአልኮሉ ይልቅ ውኃው ይበዛል። ከወረርሽኙ ወዲህ ደግሞ በየጠረጴዛው የተቀመጠው የእጅ ሳኒታይዘር አለ፤ አልኮል ነው ብለው ቁልፍ የሚያጸዱበት ብዙ ናቸው። እጃችንን እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፤ ግሊሰሪኑ አይተንም፤ ቦርዱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል። ልታጸዱ ገብታችሁ ማጣበቂያ ቀብታችሁ ትወጣላችሁ።

ለጥቁሯ ምስር ሌላ ዘዴ አለ። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፤ ጎማውን ያዙና ምስሯን ወረቀቱ ላይ ቀስ ብላችሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ሳቡት። የሚያብረቀርቀው ፊቷ ይነሣና ከሥሩ ያለው ትኩስ ካርቦን ይገለጣል። ወረቀቱ ላይ ግራጫ መስመር ስታዩ አቁሙ። ተራ ወረቀት በቂ ሸካራነት አለው፤ ከዚያ በላይ አትፈልጉ። ነጭ ላጲስ የሚጠቀሙም አሉ፤ ይሠራል፤ ነገር ግን ፍርፋሪው አንድ ሳይቀር መጠረግ አለበት፤ አንዲት ፍርፋሪ በምስሯና በመስመሩ መካከል ከቀረች ድካሙ ከንቱ ነው።

ምስሯ መዳን አለመዳኗን መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ይነግራችኋል። ሁለቱን ጫፎች በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ አሳርፉ። በመቶ የሚቆጠር ኦም ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ጤነኛ ናት እላለሁ፤ ኦም ነገሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከለክል የሚለካበት ነው። ብዙ ሺህ ኦም ከሆነ ደክማለች፤ አንዳንዴ ትሠራለች፣ አንዳንዴ አትሠራም፤ «ጠንከር አድርገህ ተጫን» የሚባለው ቁልፍ ይህ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ በውስጡ ካርቦን ያለበት ኤሌክትሪክ አሳላፊ ቀለም መቀባት ነው፤ በጣም ስስ፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሙሉ አንድ ቀን ማድረቅ። ብዙዎች ያላግባብ ይቸኩሉና እርጥቡን ይገጥሙታል፤ ቀለሙ ወደ ቦርዱ ይሻገርና ቁልፉ ሳይጫን እንደተጫነ ይቀራል። ሌላው ምርጫ ጎማውን እንዳለ መቀየር ነው። ለጌም ቦይ አዳዲስ ጎማዎች እስከ ዛሬ ይመረታሉ። እኔ ግን ጤነኛ አሮጌ ጎማ ካገኘሁ እሱን እመርጣለሁ፤ አዲሶቹ አንዳንዶቹ ከዋናው ይልቅ ስለሚለሰልሱ መስቀሉ በቀላሉ ያዘነብላል፣ ሳትፈልጉት ሰያፍ ይሄዳል።

የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ቆርጦ ምስሯ ላይ መለጠፍ የምታውቁት ዘዴ እንደሆነ ከፈገግታችሁ አየሁ። ለአንድ ሰሞን ይሠራል። ወረቀቱ ግን ጠርዙ ስለታም ነው፤ በተጫነ ቁጥር ልባሱን ይፍቃል፤ ማጣበቂያው ሲለቅም ቦርዱ ላይ እየተንከራተተ ያልተጫኑ ቁልፎችን ያገናኛል። በደንበኛ ዕቃ ላይ እንዳታደርጉት እለምናችኋለሁ።

አንዲት እናት ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ለመጫወቻ ነው? ዛሬ ጨዋታው ሁሉ ስልክ ውስጥ አይደለም ወይ?» እናቴ፣ በሠርግ ቤት የሚጫወተውን ኦርጋን ታውቁታላችሁ። የብዙዎቹ ነጭና ጥቁር ቁልፎች ሥር ያለው ይኸው ጎማና ይኸው ካርቦን ነው። እንዲያውም እዚያ ለአንድ ቁልፍ ሁለት ምስር አለ፤ አንዷ ቀድማ ትነካለች፣ ሌላዋ ትከተላለች። መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል፤ ጊዜው ካጠረ ጣት በኃይል መጥቷል ማለት ነውና ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከረዘመ ዝቅ ያደርጋል። ከሁለቱ አንዷ ስትቆሽሽ አንዱ ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ ይጮኻል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ሙዚቀኛው መሣሪያው አርጅቷል ብሎ በብዙ ሺህ ብር ሌላ ይገዛል። ልጅዎ ይህን ትንሽ ግራጫ ሣጥን ከፍቶ መዝጋት ከቻለ ያን ኦርጋን ከፍቶ በጥጥና በአልኮል ሊያድነው ይችላል። ካልኩሌተርም፣ ሪሞትም፣ የቆየ የቤት ስልክም እንዲሁ ነው። መጫወቻው ትንሽ ስለሆነ፣ ቢበላሽም ሰው ስለማይጎዳ፣ ለመማሪያ የተመቸ ነው። የሞቱ መጫወቻዎችና ሪሞቶች ለመለማመጃ ካስፈለጓችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውሰዱኝ በሉ፤ ከአሮጌ ዕቃ ላይ ሕይወት ማውጣት የሚያውቁ ሰዎች ያሉበት ቦታ ነው፤ ከእነሱም ትማራላችሁ።

የሴትየዋን ዕቃ እንዴት እንደጨረስኩት ልናገርና ላብቃ። ጎማው ደኅና ነበር፤ አጠብኩት፣ ለካሁት፣ መለስኩት። የተላጠውን መስመር አጉሊ መነጽር አድርጌ፣ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ጫፍ፣ በካርቦን ቀለም ነካሁት። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሦስት ጊዜ ተሳስቼ በአልኮል ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። በአራተኛው ተሳካ። እስከ ማግስቱ አልነካሁትም። ስገጥመው ብሎኖቹን መጀመሪያ ወደ ኋላ እያዞርኩ፣ የድሮ ጥርሳቸውን ሲያገኙ ብቻ አጠበቅኳቸው፤ ፕላስቲክ ላይ አዲስ ጥርስ ከተቆረጠ በሚቀጥለው ጊዜ አይይዝም። ስምንቱንም ቁልፎች በየተራ፣ ከዚያም ሁለት ሁለቱን ሞከርኩ። ሁሉም መለሱ።

ሴትየዋ ከልጇ ጋር መጣች። ልጁ ቴትሪስን ከፍቶ አንዱን ቅርጽ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ እየገፋ ግድግዳው ድረስ አደረሰው። እናቱ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ አውራ ጣቱን መስቀሉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሶ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ቁልቁል የሚለው ትንሽ ይጠጥራል» አለኝ። ሞከርኩት፤ ለእኔ ጣት ምንም ልዩነት የለውም። «ይለምድሃል» ብዬ ልሸኘው አሰብኩ። ከዚያ ተውኩትና ስድስቱን ብሎኖች እንደገና ፈታሁ። ጎማውን ቦታው ላይ ከሚይዙት ትንንሽ የፕላስቲክ እግሮች አንዷ ቀዳዳዋ ውስጥ አልገባችም ነበር፤ በቁልቁል በኩል የጎማው ጠርዝ በፀጉር ያህል ቀና ብሏል። አስተካክዬ ገጠምኩት፣ ሰጠሁት። ሞከረው፤ ራሱን ነቀነቀና ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ መጫወት ቀጠለ።